ውሃ የጠበቁት ናኾዳ፦ የሱወይሊም ቢን ጃሲም የሕይወት ታሪክ

ናኾዳ ሱወይሊም ቢን ጃሲም ከአባታቸው፣ እንደ እሳቸው የመርከብ አዛዥ ከነበሩት ከናኾዳ ጃሲም ቢን ረቢዕና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸምሳ ቢንት ሐምድ በ1931 እ.ኤ.አ. በወደብ ከተማዋ በሱር ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ የለም። እናታቸው ምጥ በያዛቸው ሰዓት አባታቸው ሳምቡክ የሚባለውን የእንጨት ባለ ሸራ መርከባቸውን ሆድ የሻርክ ዘይት ሲቀቡ ስለነበር፣ ሕፃኑን የታቀፉት በዘይት እጃቸው ነው ይባላል። ይባላል እንጂ ያየ ሰው አልተገኘም። ስለ ናኾዳ ሱወይሊም በከተማው ብዙ የሚወራ ስላለ፣ እዚህ የተጻፈው ምስክር የተገኘለት ብቻ ነው።

በልጅነታቸው በሰፈራቸው መምህር ዘንድ ቁርኣን ቀሩ፤ ማንበብና መጻፍም እዚያው ተማሩ። ሌላው ትምህርት ቤታቸው የአባታቸው ሳምቡክ ነበር። በ1947 አባታቸው በላሙ ወደብ በወባ ሲሞቱ፣ የአባታቸው ታላቅ ወንድም ዑበይድ ቢን ረቢዕ ወስደው አሳደጓቸው። ዑበይድ የሦስት ሳምቡክ ባለቤት ነበሩ፤ የወንድማቸውን ልጅ ግን ከታች አስጀመሯቸው። ሱወይሊም ስምንት ዓመት ገመድ ጎተቱ፣ ሸራ ሰፉ፣ የውሃ ጥልቀት ለኩ።

ጥልቀት መለካት ቀላል ሥራ የሚመስለው ላልሠራው ነው። በገመድ ጫፍ የታሰረውን ከባድ የእርሳስ ብረት ወደፊት ወርውሮ፣ ጀልባው በላዩ ሲያልፍ ገመዱን ቀጥ ባለበት ቅጽበት ማንበብ ያስፈልጋል። ከእርሳሱ ሥር ስብ ይቀባል፤ ስቡ ከባሕሩ ወለል ያለውን ይዞ ይወጣል። ጭቃ ከሆነ መልህቅ ይይዛል፤ ደቃቅ አሸዋ ከሆነ ያንሸራትታል፤ ስቡ ንጹሕ ሆኖ ከተጫረ ከታች ዓለት አለ። ናኾዳ ሱወይሊም በሃያ ዓመታቸው ከሱር እስከ ዛንዚባር ያለውን የመልህቅ ቦታ ሁሉ በጣታቸው ያውቁት ነበር። ሸራ በማዞርም የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሳምቡክ ነፋሱን በአፍንጫው አይሻገርም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይዞራል፤ በዚያችው ቅጽበት ሃያ ሰው ተረባርቦ የሸራውን ረጅም እንጨት በምሰሶው ፊት ለፊት ወደ ሌላው ጎን ያሳልፈዋል። አንድ ሰው ቢዘገይ ምሰሶ ይሰበራል። በእሳቸው እጅ ምሰሶ ተሰብሮ አያውቅም።

በ1955፣ በሃያ አራት ዓመታቸው፣ አጎታቸው ሳምሓ የተባለችውን ሳምቡክ ሰጧቸው። በከተማው ከነበሩት ናኾዳዎች በዕድሜ ትንሹ ሆኑ። መሪ ያዥ አድርገው የቀጠሯቸው ፈረጅ ቢን ማብሩክን ነበር። ፈረጅ በስድስት ዓመት ይበልጧቸዋል። አባታቸው ማብሩክ በዑበይድ ቤት በባርነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ማንም ባያነሣውም ማንም አልረሳውም። በ1958 ናኾዳ ሱወይሊም ወይዘሮ ዘይና ቢንት ማጂድን አገቡ።

ቀጥሎ ያለው በግንቦት 1959 የሆነው ነው። ልጆቻቸው ከዚህ ንባብ እንዲቀር ፈልገው ነበር። እሳቸው ግን ባለፈው ረመዳን፣ “የሳምሓ ነገር ካልተነበበ ሌላውም አይነበብ” ብለው አዘዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው ጃሲም፣ “አባቴ፣ ነውር በሐዘን ቤት ይነበባል እንዴ?” ቢሏቸው፣ “ነውሩ የኔ ነው፣ አንተን ምን አስጨነቀህ? ያንተን ነውር አንተ ጻፍ” ብለው መለሱ።

በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ለሚመለስ ሳምቡክ ሕጉ የታወቀ ነበር። ባሕሩ ወደ ከተማው በሚገባበት በኾሩ አፍ ላይ፣ ከመጠበቂያው ግንብ ፊት፣ የአሸዋ ደፍ አለ። ሳምቡኩ ከደፉ ውጪ ሸራ ያወርዳል፣ መልህቅ ይጥላል፣ ውሃው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ከዚያ በትናንሽ ጀልባዎች ተጎትቶ ይገባል። ሕጉ ይህ ሆኖ ሳለ የሚመሰገነው ግን ያፈረሰው ነበር። ባንዲራ ሰቅሎ፣ ከበሮ አስመትቶ፣ ሸራውን እንደነፋ ደፉን የተሻገረ ናኾዳ ስሙ እስከሚቀጥለው ዓመት ከሴቶቹ ዘፈን አይወጣም። የሱር መርከበኛ ከመስጠም ይልቅ ሳይዘፈንለት መግባትን ይፈራ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

ሳምሓ የቤት መሥሪያ አጣና እስከ አፏ ጭና፣ ሃያ ስድስት ሰው ይዛ ከደፉ ፊት ስትደርስ ጣራው ሁሉ ሰው ሞልቶበታል። ዘይና የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆነው ከአባታቸው ቤት ጣራ ላይ ቆመዋል።

“ናኾዳ፣ ውሃው ዞሯል” አሉ ፈረጅ። “ከግንቡ ሥር ያለውን አረፋ እየው፤ ወደ ውጪ ነው የሚሄደው። እንጣል።”

“ምን እንጣል?”

“መልህቅ ነዋ! ሌላ ምን የሚጣል አለን?”

“ይሄ ሁሉ ሰው ወጥቶ? ከበሮው እየተመታ? አንተ ሰውዬ፣ ሚስቴ ናት እኮ እዚያ ላይ ያለችው።”

“ሚስትህ ግማሽ ቀን ብትጠብቅ አታረጅም።”

“ቀጥ አድርገህ ያዝ አልኩህ!”

ፈረጅ ያዙ። በባሕር ላይ መሪ ያዥ ይመክራል እንጂ እምቢ አይልም።

ሳምሓ የደፉን ጫፍ በሆዷ ነካች። ከኋላ ያለው መቅዘፊያ ከአሸዋው ሲጋጭ የመሪው መዘውር በራሱ ተሽከርክሮ የፈረጅን የግራ እጅ ሁለት ጣቶች ሰበረ። ውሃው እየሸሸ ሳምሓን በጎኗ አስተኛት፤ አጣናው ተንከባሎ ወደ አንድ ወገን ተከመረ፤ ሳንቃዎቿ ተላቀቁ። ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ከውስጧም ሞላ። ሰው አልሞተም። ከበሮው የቆመበትን ጊዜ የሚያስታውስ የለም፤ መቆሙን ግን ሁሉም ያስታውሳል።

ዑበይድ ከባሕሩ ዳር ቆመው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

“መሪውን ይዞ የነበረው ማነው?”

“ፈረጅ” አሉ ሱወይሊም።

አጎታቸው ሌላ አልጠየቁም፤ እሳቸውም ሌላ አልጨመሩም። የተናገሩት ቃል አንድም ሐሰት የለበትም፤ ነገሩ ግን ሁሉ ሐሰት ነበር። ፈረጅ እጃቸውን በጥምጣማቸው ጠቅልለው አጠገባቸው ቆመዋል። የማብሩክ ልጅ በናኾዳ ላይ ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ከዚያ ቀን በኋላ ፈረጅን የሚቀጥር ሳምቡክ ጠፋ። የሙቀቱን ወራት በሙሉ በስምንት ጣት ኖራ ሲሸከሙ ከረሙ። የሰፈር ልጆች ከኋላቸው እየተከተሉ፣ “ፈረጅ፣ መንገዱ በየት ነው?” እያሉ ይጮኹባቸው ነበር። በሐምሌ ጃሲም ተወለደ። በመስከረም ዑበይድ ለወንድማቸው ልጅ ሌላ ሳምቡክ ሰጡ፤ ጥፋቱ የመሪ ያዡ ነው ተብሏልና።

በጥቅምት ተምር ለመጫን ወደ በስራ ወደብ ሲሄዱ፣ ከሙሰንደም ዓለቶች አጠገብ ጎህ ሲቀድ አቧራ የቀላቀለ ጭጋግ ወረደ። ናኾዳ ሱወይሊም አቅጣጫውን ተሳሳቱ። አዲሱ መሪ ያዥ ሚፍታሕ ከፊት ለፊት ማዕበል በዓለት ላይ ሲነጣ አየ፤ አይቶም ዝም አለ። የጮኸው ለቁርስ ቂጣ ሲጋግር የነበረው ወጥ ቤት ነው። ሸራው በግማሽ ሲዞር ዓለቱ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ነበር።

“አላየህም?” ብለው ሚፍታሕ ላይ አፈጠጡ።

“አይቻለሁ፣ ናኾዳ።”

“አይተህ ዝም? ሁላችንን ልትገድል?”

“ተናግሬስ? ፈረጅ ተናግሮ የት ደረሰ?”

ከሠራተኞቹ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየም። ናኾዳ ሱወይሊም ያን ጊዜ ነው የገባቸው። የሳምሓ ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር፤ የሳምሓ ሰዎች የነገሯቸውም ያውቁ ነበር። እሳቸው ያዳኑ የመሰላቸው ስማቸውን ነው፤ የከፈሉት ግን በሠራተኞቻቸው አንደበት ነው። ማንም የማይናገርበት መርከብ ላይ አንድ ሰው ብቻ ያያል፤ ያም ሰው ሲሳሳት ሁሉም ይሰጥማል። ኋላ ለተማሪዎቻቸው ይህን ሲናገሩ፣ “ከዓለቱ ይልቅ የሚፍታሕ ዝምታ አስፈራኝ” ይሉ ነበር።

በታኅሣሥ ከበስራ ተመልሰው ሱር ሲደርሱ አዲስ ሳምቡክ ወደ ባሕር የሚወርድበት ቀን ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን የከተማው ወንድ ሁሉ፣ ሀብታምም ድኻም፣ አንድ ገመድ ይዞ ይጎትታል። ጉተታውን በዘፈን የሚመራው ሰው ትንፋሽ ሊወስድ ፋታ በሰጠበት መካከል ሱወይሊም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

“ሳምሓን የሰበርኳት እኔ ነኝ። ፈረጅ ውሃው ዞሯል አለኝ። ያዝ አልኩት፤ ያዘ። ጥፋቱ የኔ ነው።”

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ “መልካም፤ አሁን ግን ገመዱን ሳትለቅ ተናዘዝ፣ ጀልባው በእግራችን ላይ ሊንሸራተት ነው!” ብለው ጮኹ።

ዑበይድ ፊታቸው ተለዋወጠ። “ለዚህ ዛሬን መረጥክ? ሰው ሁሉ እጁ በተያዘበት ቀን?”

“እጁ ስለተያዘ ነው፣ አጎቴ። ማንም ጥሎኝ አይሄድም።”

ሳምቡኩ ባሕር እንደነካ ዑበይድ የናኾዳነቱን ቦታ ወሰዱባቸው። ሰባት ዓመት ሙሉም ሰላምታ ከለከሏቸው።

ከዚያው ከባሕሩ ዳር ቀጥታ ወደ ፈረጅ ቤት ሄዱ። ፈረጅ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አልተነሡም።

“ጣቶቼን ይዘህ መጣህ?”

“አይ።”

“እንግዲያው እጅህን አምጣ። ጣራዬ ያፈሳል፤ እኔ በስምንት ጣት አልቻልኩትም።”

እስከ ምሽት ድረስ የተምር ዝንጣፊ ሲያስሩ ዋሉ። ፈረጅ ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ቃል በሁለቱ መካከል መነገሩን የሰማ የለም። ሁለቱም ቃል የሚያበዙ ሰዎች አልነበሩም።

በ1960 ከኾሩ ማዶ ካለው ከዐይጃ ሰፈር አንድ ነጋዴ ፈረጅን የአንዲት ትንሽ ጀልባ ናኾዳ አደረጋቸው። ሱወይሊም ሠራተኛ ሆነው በፈረጅ ሥር ገቡ፤ ሥራቸውም በልጅነታቸው የጀመሩት ጥልቀት መለካት ነበር። ከተማው ሳቀ። አጎታቸው ቤት ያሉ ሴቶች ዘይናን፣ “ባልሽ ወደ ታች አደገ” ቢሏቸው፣ “ናኾዳም ሆነ እርሳስ ወርዋሪ ማታ ሲመጣ ያው ዓሣ ዓሣ ነው የሚሸተኝ” አሏቸው። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ፈረጅ በየወደቡ መግቢያ፣ “ጮክ በል፣ እርሳስ ወርዋሪ! ዓሦቹም ይስሙ!” ይሏቸው ነበር። ሱወይሊምም፣ “ሦስት ባዕ፣ ጭቃ፣ ናኾዳ ፈረጅ!” ብለው ይጮኹ ነበር። ባዕ ማለት ሁለት ክንድ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ልክ ነው። ናኾዳ ሱወይሊም ባሕርን በእርግጥ ያወቅሁት በእነዚያ ስድስት ዓመታት ነው ብለው ብዙ ጊዜ ተናግረዋል።

በ1966 በከተማው ሽማግሌዎች ጥያቄ እንደገና ናኾዳ ሆኑ። በሳምቡካቸው ላይ አንድ ልማድ ተከሉ። ወደብ ከመግባታቸው በፊት ሠራተኛው ሁሉ፣ ከትንሹ ጀምሮ፣ ያየውን ይናገራል። ናኾዳው መጨረሻ ላይ ይናገራል። ሌሎች ናኾዳዎች “ምክር ቤት የተጫነባት መርከብ” እያሉ ቀለዱባቸው። በ1971 ከሶቆጥራ ደሴት በስተምሥራቅ ዐውሎ ነፋስ ሲይዛቸው ግን ይህች ምክር ቤት ሠላሳ አንድ ሰው አተረፈች። ወጀቡ ከኋላ እየመጣ ሳምቡኩን በፍጥነት ሲገፋውና አፍንጫውን ውሃው ውስጥ ሊተክለው ሲል፣ ከባዱን የመልህቅ ገመድ ሁሉ በኋላ በኩል ለቀን እንጎትተው፣ ፍጥነታችንን ይይዝልናል ያለው ወጥ ቤቱ ነው። ናኾዳው ሰሙት። ሁለት ቀን ተኩል ገመድ እየጎተቱ ነፋሱን አሳለፉት።

በ1976 ሞተር ሸራን ሲተካ መርከባቸውን ሸጡ፤ ከዚያም ሃያ ሁለት ዓመት ለወጣት ባሕረኞች ጀልባ አያያዝ አስተማሩ። የሚያስተምሩት ከደብተር አልነበረም። ቋጠሮ በባልዲ ውሃ ውስጥ፣ ዐይን ተጨፍኖ ይታሰራል፤ መርከብ የሚቸግረው ሲጨልምና ሲረጥብ ነው ይሉ ነበርና። መልህቅ ሲጣል ገመዱ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ይለቀቃል። ከዚያ በባሕሩ ዳር ከፊትና ከኋላ የተሰለፉ ሁለት ምልክቶች ይመረጣሉ፤ ሁለቱ ከተለያዩ መልህቁ እየተጎተተ ነው። ሰው ባሕር ውስጥ ሲወድቅ የመጀመሪያው ሥራ ጀልባውን ማዞር ሳይሆን መጠቆም ነው፤ አንድ ሰው ጣቱን ቀስሮ ዐይኑን ሳይነቅል ይቆማል። ይህን ለማለማመድ ሳያስጠነቅቁ የራሳቸውን ኮፍያ ወደ ባሕር ይወረውሩ ነበር። ኮፍያዎቹን በመርፌ የሚጠልፉት ወይዘሮ ዘይና ናቸው፤ አንዱ አራት ወር ይፈጃል። “ባሕሩን ኮፍያ ማልበስ ጀመርክ እንዴ፣ ሰውዬ?” ብለው ቢቆጡ፣ “የተማሪዎቹን ስንፍና እኮ ነው የምለካው፤ ዘንድሮ ሁለት ኮፍያ ብቻ ነው የጠፋው” ብለው መለሱ። ዘይና ግን ከዚያ በኋላ ጥልፍ የሌለው ኮፍያ ሰጧቸው።

ትዕግሥታቸው ለባሕር እንጂ ለሰው አልነበረም። ይቆጡ ነበር፤ ገመድ የተጠላለፈ እንደሆነ የሚናገሩት እዚህ ሊጻፍ አይችልም። ስህተቱን የተናገረ ተማሪን ግን ቀጥተው አያውቁም። ሴት ልጆቻቸውንና የሴት ልጆቻቸውን ልጆችም ማንም ሳይጠይቃቸው ጀልባ ማሰርና መቅዘፍ አስተምረዋል።

በ2003 ናኾዳ ፈረጅ ሲያርፉ ናኾዳ ሱወይሊም ከመቃብሩ ጫፍ ቆመው ያሉት፣ “እርሳስ ወርዋሪህ መጥቷል” የሚለውን ብቻ ነው።

በ2009 የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ከሱር ወጣ ብላ ባለችው በራስ አል-ሐድ በሴት ልጃቸው በሞዛ ቤት አሳለፉ። ግንቦት 9 ቀን 2012 ጎህ ሲቀድ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። የመኪና መንገድ እያለ ወደ ሱር በባሕር እንዲወሰዱ፣ መሪውንም የፈረጅ ልጅ ማብሩክ እንዲይዙ ተናዝዘው ነበር።

ጀልባዋ ከኾሩ አፍ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። የባሕሩ ዳር በሰው ጠቁሯል። ኢማሙ ቆመዋል፤ መቃብሩ ተቆፍሯል፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ማብሩክ ከግንቡ ሥር ያለውን አረፋ አዩ።

“ጃሲም፣ ውሃው ከዞረ ቆይቷል። እንጣል።”

ጃሲም ወደ ሰዉ አዩ፤ ከዚያ ወደ አባታቸው አስከሬን አዩ።

“ጣል” አሉ።

ኢማሙ ስልክ ደወሉ። “ምን ሆናችሁ? ሬሳ ይቸኮልበታል እንጂ ይጠበቃል እንዴ?”

“ሼኽ፣ የሚጠብቀው እኮ ሬሳው ራሱ ነው” አሉ ጃሲም።

አራት ሰዓት ያህል በመልህቅ ቆሙ። ከባሕሩ ዳር የተመለሰ ሰው የለም። ዘይና በ1959 ከቆሙበት ጣራ ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል። የልጅ ልጆቻቸው ወደ ጥላው ውረዱ ቢሏቸው፣ “ተዉኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን መልህቁን ጣለልኝ፤ ሳላየው አልወርድም” አሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ሞላ፤ ጀልባዋ ደፉን ሳትነካ ገባች። ናኾዳ ሱወይሊም ፀሐይ ሳትጠልቅ ከናኾዳ ፈረጅ አጠገብ ተቀበሩ።

ናኾዳ ሱወይሊም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘይና ቢንት ማጂድን፣ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆችን፣ አሥራ ሰባት የልጅ ልጆችንና አራት የልጅ ልጅ ልጆችን ትተዋል። ካስተማሯቸው ባሕረኞች ውስጥ ዛሬ ሽበት ያወጡ ብዙዎች እዚህ ተቀምጠዋል።

የባሕሩንም የየብሱንም መንገድ የሚያውቅ አላህ ጥፋታቸውን ይቅር ይበላቸው፤ መልካም ሥራቸውን ይቀበላቸው፤ ከወዳጃቸው ከፈረጅ ጋር ውሃው በማይሸሽበት ወደብ ያሳርፋቸው። ለእኛም እውነቱን የሚነግረንን ሰው፣ እሱንም የምንሰማበትን ጆሮ አይንሳን። አሚን።